ልጠጣ ወይስ ልተው? ጅማ ላይ ለሚኖር ክርስቲያን

ጅማ ውስጥ ይሄን ጥያቄ ሳይጠየቅ ያደገ ክርስቲያን የለም ማለት ይቻላል። ግቢው አንድ ነው። ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤቶች ሙስሊም ናቸው፣ መጠጥ በደጃቸው አያልፍም። ጓሮ ያለችው አክስት ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ጠላ እንኳን አትቀምስም። አባት ደግሞ የሚካኤል ማኅበር አላቸው፣ ተራቸው ሲደርስ ቤቱ ሙሉ ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ልጁ መሀል ቆሞ ማንን ልስማ ይላል።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። መጠጥ መቅመስ በራሱ ኃጢአት ነው የሚል ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። መስከር ግን ኃጢአት ነው፣ እሱ ላይ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ካቶሊኩም አይለያዩም። ጭንቁ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በኛ አገር አቀዳድ፣ በኛ አገር ግብዣና ልመና፣ «ጥቂት» የምትባለዋን መጠበቅ በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ድንኳን ገብታችሁ ብርሌ ከተቀበላችሁ በኋላ የሚወሰን አይደለም። ቤት ሆናችሁ፣ በሰከነ ልብ፣ ማንም ሳይለምናችሁ ነው የሚወሰነው። ከዚህ በታች እንዴት እንደምትወስኑ፣ ከወሰናችሁ በኋላ ደግሞ ሰው ፊት እንዴት እንደምትጸኑበት እጽፋለሁ።

መጀመሪያ መጽሐፉን ሙሉውን አንብቡ

ሁለቱም ወገን የሚመጣው ጥቅስ መዞ ነው። የሚጠጣው ቃና ዘገሊላን ያነሳል። ዮሐንስ ምዕራፍ 2 ላይ ስድስት የድንጋይ ጋኖች ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት እንስራ የሚይዙ። ያን ሁሉ ውኃ ጌታ ወይን ጠጅ አደረገው፣ እኛም በየዓመቱ ጥር 12 እናከብረዋለን። ወይን የሰውን ልብ ደስ ያሰኛል የሚለውንም ከመዝሙር 104 ይጨምርበታል። የማይጠጣው ደግሞ ምሳሌ 20፥1ን፣ የምሳሌ 23ን መጨረሻና ኤፌሶን 5፥18ን ይዞ ይመጣል። ሁለቱም የጠቀሱት ልክ ነው። ግን ሁለቱም ግማሹን ነው የያዙት።

አንዳንድ ወንድሞች የቃናው ወይን ተራ ጭማቂ ነበር ይላሉ። ይሄ አያስኬድም። እዚያው ምዕራፍ ላይ የድግሱ አሳዳሪ ራሱ፣ ሰው አስቀድሞ መልካሙን ወይን እንደሚያቀርብ፣ እንግዶቹ ከሰከሩ በኋላ ደግሞ መናኛውን እንደሚያወጣ ይናገራል። በጭማቂ የሚሰክር ሰው የለም። ጳውሎስም የቆሮንቶስን ሰዎች በጌታ እራት አንዱ ይራባል ሌላው ይሰክራል ብሎ ነው የገሠጻቸው።

በሌላ በኩል ቃናን እየጠቀሰ አረቄ የሚያዝም ሰው አለ። እሱም አያስኬድም። የዚያን ዘመን ሰው ወይኑን ብዙ ጊዜ በውኃ እያቀጠነ ነበር የሚጠጣው። አረቄ ደግሞ ጭራሽ አይታወቅም፣ መጠጥን አፍልቶ እንፋሎቱን ማጠራቀም የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ስለ ወይን የተጻፈ ቃል ወስዶ ዳግም አረቄ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ የተነጠረ አረቄ ላይ መለጠፍ ቃሉን መጠምዘዝ ነው።

«ጢሞቴዎስም ጠጣ ተብሏል» ለሚላችሁ ሰው ጥቅሱን አስጨርሱት። ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ብዛት፣ ያውም ጥቂት ነው የሚለው። ለታመመ ሰው የተሰጠ ምክር ነው። እንደውም ከቃሉ የምንረዳው ጢሞቴዎስ እስከዚያ ቀን ድረስ ውኃ ብቻ ይጠጣ እንደነበር ነው፣ ማንም በዚህ አልነቀፈውም።

መጽሐፉ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ቅዱሳን አሉ። መጥምቁ ዮሐንስ ወይን አልጠጣም፣ ጋኔን አለበት ተባለ። ጌታ እየበላና እየጠጣ መጣ፣ በላተኛና ጠጪ ተባለ። ሉቃስ 7 ላይ አለ። በኤርምያስ 35 ሬካባውያን አባታችን አትጠጡ ብሎናል ብለው እምቢ አሉ፣ እግዚአብሔርም መታዘዛቸውን አመሰገነ። ዳንኤል ለሦስት ሳምንት ሲያዝን ሥጋና ወይን አልቀመስኩም ይላል፣ ይህም በሌላው ጊዜ ይቀምስ እንደነበር ያሳያል።

ለውሳኔያችሁ ግን ከሁሉም በላይ ሮሜ 14ን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ሦስት ነገር ታገኛላችሁ። የሚበላው የማይበላውን አይናቀው፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ አይፍረድ ይላል። ወንድምህ የሚሰናከልበት ከሆነ ወይንም ሥጋም መተው መልካም ነው ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እየተጠራጠረ የሚያደርግ ሰው በእምነት ስላላደረገው ተፈርዶበታል ይላል። ይቺ የመጨረሻዋ ለብዙ ሰው መልስ ናት። ልባችሁ እየከሰሳችሁ ከሆነ አትጠጡ። ሌላው ሰው በሰላም ቢጠጣም ለእናንተ አልተፈቀደም ማለት ነው፣ ክርክሩ እዚያ ላይ ይቁም።

ቀጥሎ የራሳችሁን ቤተ ክርስቲያን ጠይቁ

ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ጠላና ጠጅ በራሱ እንዳልተከለከለ ታውቃላችሁ፣ በዓሉም ማኅበሩም ያለ ጽዋ አይሆንም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው፣ ዘቢቡ ታጥቦ በውኃ ይዘፈዘፍና ይጨመቃል፣ የሚያሰክር ነገር የለበትም። መሠዊያው ላይ ስካር የሚባል ነገር እንዲቀርብ አልተፈቀደም ማለት ነው። ጾም ላይም እንደዚሁ። በሁዳዴ ሥጋና ወተት ትቶ መጠጥ ቤት የሚያመሽ ሰው የጾሙን ቁም ነገር ስቶታል። መቁረብ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ራሳችሁ አትወስኑ፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። «አባ፣ ልቆርብ ነው፣ መጠጥን እንዴት ላድርግ?» በሉ። የማያሳፍር ጥያቄ ነው፣ እሳቸውም በየጊዜው የሚሰሙት ነው።

ወንጌላዊ ከሆናችሁ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፣ አይጠጣም። በብዙዎቹ አጥቢያዎች የሚጠጣ አባል ይመከራል፣ አገልጋይ ከሆነም ከአገልግሎት ሊታገድ ይችላል። «ሉተር ራሱ ቢራ ይጠጣ ነበር» የሚል ክርክር ወጣቶች ጋ ይሰማል። እውነት ነው፣ ሚስቱ ካታሪናም ቤት ውስጥ ትጠምቅ ነበር። ግን እናንተ አባል ስትሆኑ የገባችሁት ቃል ጀርመን አገር ከዛሬ 500 ዓመት በፊት ለነበረ ቤት አይደለም። ቃል የገባችሁት አጠገባችሁ ላሉት ወንድሞችና እህቶች ነው፣ ብዙዎቹም ከመጠጥ የወጡ ሰዎች ናቸው። ቃሉን ካላመናችሁበት ከሽማግሌዎቹ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። ተደብቆ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ሄዶ መጠጣት ግን ከመጠጡ የባሰ ጉዳት አለው፣ ሁለት ሰው ያደርጋችኋል።

ካቶሊኩ በቅዳሴ እውነተኛ የወይን ጠጅ ይጠቀማል፣ በልኩ መጠጣትንም አይከለክልም። አድቬንቲስቱ ጨርሶ አይጠጣም።

ጥያቄ የማያስፈልጋቸው ሁኔታዎች

እርጉዝ ሴት አትጠጣም። ጠላ ደም ይሆናል፣ ወተት ያመጣል የሚሉ እናቶች አሉ፣ እናቶቻችን ናቸውና በአክብሮት እንስማቸው፣ ግን ሕፃኑ የሚያገኘው እናቱ የጠጣችውን አልኮል ነው። ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥ በ2011 በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ተከልክሏል፣ ስለዚህ ለልጆቹ ነገሩ የሕግም ጉዳይ ነው። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉበቱ ሁለት ሸክም አይችልም። ሜትሮኒዳዞል የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን ጨርሶ ቢያንስ ሦስት ቀን እስኪያልፍ አይቅመስ። ባጃጅ፣ ሞተር ወይም መኪና ይዞ የመጣ ሰው አንድም አይጠጣም። ባጃጅ ውስጥ የተሳፈሩት ልጆች የእናንተን ጥቅስ አያውቁም።

ከዚህ በፊት መጠጥ ጥሎት የሚያውቅ፣ ጌታም ሐኪምም ረድቶት የተነሳ ሰው፣ «አሁን እኮ በልኩ እችላለሁ» ብሎ ራሱን አይፈትን። ለእሱ ልኩ ዜሮ ነው።

ስለ ጤና አንድ ነገር ልጨምር። «ትንሽ ቢራ ለኩላሊት ጥሩ ነው» የሚባለውን እርሱት። የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ ግልጽ አድርጓል። አልኮል ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች አንዱ ነው፣ የጉሮሮ፣ የጉበት፣ የአንጀት፣ የጡት። ይሄ ጥቂት የቀመሰን ሰው ኃጢአተኛ አያደርገውም። ግን ለጤናዬ ነው የምትለዋን ምክንያት ከጠረጴዛው ላይ ያነሳታል።

ጨብሲ

ይሄን ለብቻው የምጽፈው ጅማ ስለሆንን ነው። ከሰዓት ጫት ይቃማል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል፣ ጨብሲ የሚባለው ይሄ ነው። ይሄ ልማድ ዩኒቨርሲቲ አካባቢም ሰፈር ውስጥም ብዙ ልጆችን ይዟል፣ ከነሱም ብዙዎቹ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚቆሙ ናቸው። የጨብሲ ክፋቱ፣ ምርቃናው ንቁ ስለሚያደርግ ስካሩ አይታወቃችሁም። ሌላ ጊዜ በሁለት ቢራ ደክሟችሁ ቤት የምትገቡ ሰዎች፣ ከጫት በኋላ አምስት ስድስት ብትጠጡም ደህና የሆናችሁ ይመስላችኋል። ሰውነታችሁ ግን ቆጥሮታል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጠዋት ደግሞ ጭንቀት። ከዚያ ጭንቀቱን ለማባረር ተመልሶ ጫት ይገዛል።

ልኩን እጠብቃለሁ ያለ ክርስቲያን በጨብሲ ልክ አይጠብቅም፣ መለኪያው ራሱ ተበላሽቷልና። ስለዚህ እዚህ ላይ ምክሬ አንድ ነው፣ ጨርሶ ተዉት። ማቆም የምትፈልጉ ከሆነ ከመጠጡ ብቻ አትጀምሩ። ከሰዓት በኋላ ያለችውን ሰዓት ቀይሩ። ቀኑን ሙሉ የታገላችሁት ነገር ማታ ላይ የሚጥላችሁ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ የተቀመጣችሁበት ቤት ነው።

ራሳችሁን ፈትሹ

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ወር ሙሉ ተዉት። ጾም ከገባ ደግሞ ጾሙን ሙሉ። በዓል ይምጣ፣ ልደት ይምጣ፣ ምንም አትቅመሱ። በዚያ ወር ውስጥ የሚሆነውን ልብ በሉ። ማታ ማታ ቀን ትቆጥራላችሁ? ሲከፋችሁ መጀመሪያ የሚታወሳችሁ ጸሎት ነው ወይስ ጠርሙስ? ያለ መጠጥ አብራችሁ መቀመጥ የማትችሉት ጓደኛ አለ? ትዳር ያላችሁ ሚስታችሁን ወይም ባላችሁን ጠይቁ፣ «ይሄ ወር እንዴት ነበር?» በሉና ዝም ብላችሁ ስሙ። መልሱን ልጆቹ ፊት ላይ ታዩታላችሁ።

ጳውሎስ ሁሉ ተፈቅዶልኛል፣ ግን ምንም ነገር አይሠለጥንብኝም ይላል። ወሩን በቀላሉ ከጨረሳችሁት አልሠለጠነባችሁም። በሦስተኛው ቀን ምክንያት ፍለጋ ከገባችሁ ግን መልሳችሁን አግኝታችኋል።

እጠጣለሁ ካላችሁ

ቁጥሩን ከቤት ይዛችሁ ውጡ። አንድ ወይ ሁለት፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ለጓደኛችሁ ወይም ለባለቤታችሁ ንገሩ፣ ያልተነገረ ቁጥር ድንኳን ውስጥ ይረሳል።

ቆጥሩ ያልኩት ቀላል እንዳይመስላችሁ። የኛ አገር ቀጂ ብርሌው ባዶ እስኪሆን አይጠብቅም። ሁለት ጉንጭ ስትጎነጩ መጥቶ ይሞላዋል፣ ወሬ ላይ ናችሁ፣ አላያችሁትም፣ እንደገና ትጎነጫላችሁ፣ እንደገና ይሞላል። ሁለት ሰዓት ተቀምጣችሁ «አንድ ብርሌ ብቻ ነው የያዝኩት» ትላላችሁ፣ እውነትም እጃችሁ ላይ ያለው አንድ ነው፣ ሆዳችሁ ውስጥ ያለው ግን አራት። መፍትሔው ይሄ ነው። ቀጂው ሲቀርብ መዳፋችሁን የብርሌው አፍ ላይ አድርጉ። «ይቆየኝ፣ ይባረክ» በሉ። ወይም ሙሉውን አስቀምጡትና አትንኩት፣ ሙሉ ብርሌ ላይ ማንም አይቀዳም። ቢራ ከሆነ ጠርሙሱን ራሳችሁ ያዙ፣ ጃምቦ አትጋሩ። ዙር የሚባለው ነገር ውስጥ አትግቡ። እያንዳንዱ ሰው በተራው ሲጋብዝ አምስት ሰው ካለ አምስት መጠጣታችሁ ነው፣ ማንም ብድሩን ሳይመልስ አይነሳም። የራሳችሁን ሂሳብ ቀድማችሁ ክፈሉ።

በልታችሁ ጠጡ። በተለይ ፋሲካ ላይ። 55 ቀን ባዶ የቆየ ሆድ፣ ሌሊቱን ሲያስቀድስ ያደረ ሰውነት፣ ጠዋት በጠጅ ሲመታ ምን እንደሚሆን ሁላችንም በየሰፈሩ አይተናል። እናቶቻችን በተልባ የሚያስገድፉት በከንቱ አይደለም። ተልባውን ጠጡ፣ ምግቡን ብሉ፣ ተኙ፣ ከዚያ በኋላ ከሰዓት ካሰኛችሁ አንድ ያዙ።

ጠላም ከጠላ ይለያል። ቀጭኑ ቅራሪና ጠንካራው ፊልተር አንድ አይደሉም፣ ጠማቂዋን ጠይቁ፣ ትነግራችኋለች። ዳግም አረቄ ግን «ትንሽ» የሚባል ነገር የለውም፣ በመለኪያዋ ማነስ አትታለሉ።

ቡናም አያድናችሁም። የጅማ ሰው ሦስት ሲኒ ጠጥቼ ልቤን መለስኩ ይላል። ቡና እንቅልፍ ያባርራል፣ ስካር አያባርርም። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ 5 በመቶ የሆነው፣ 13 ግራም ገደማ ንጹህ አልኮል አለው፣ ጉበት ይሄንን ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፣ ምንም ብታጠጡት አይቸኩልም።

ደግሞ ከማን ጋር እንደምትጠጡ እዩ። ጠረጴዛው ላይ ለማቆም የሚታገል ሰው ካለ የዚያን ቀን አትጠጡ። በቃ፣ አንድ ቀን ነው። ሮሜ 14 በተግባር ሲተረጎም ይቺ ናት።

አልጠጣም ካላችሁ

አትዋሹ። «መድኃኒት ላይ ነኝ» የምትባለዋ ዘዴ አንድ ጊዜ ትሠራለች፣ በሚቀጥለው ድግስ ሕመሙ ተሻለህ ወይ ተብላችሁ ሌላ ውሸት ይጠበቅባችኋል። አትስበኩም። ባለድግሷ ሳምንት ሙሉ ደክማ የጠመቀችውን ጠላ ይዛ ስትመጣ ስለ ኤፌሶን 5 የምትነግሩበት ሰዓት አይደለም። ተነሱ፣ በሁለት እጅ ተቀበሉ ወይም እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፣ «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ፣ እኔ መጠጥ አልቀምስም፣ ለስላሳ ካለ እቀበላለሁ» በሉ። «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» ትላችኋለች። ይሄ የፍቅር ልመና ነው፣ አትቆጡ። ያንኑ ቃል በዚያው ፈገግታ ድገሙት። ሦስተኛ ጊዜ አትለምንም። ከዚያ ምግቡን በደንብ ብሉላት። የባለድግስ ልብ የሚሰበረው ሳህኑም ብርሌውም ሲመለስባት ነው።

ገና እንደገባችሁ አምቦ ውኃ ወይም ለስላሳ እጃችሁ ላይ አድርጉ። ባዶ እጁን የተቀመጠ ሰው ነው የሚለመነው።

ማኅበር ላይ የምትገኙ ኦርቶዶክሶች ጠላ ካቆማችሁ ለሙሴው፣ ለማኅበሩ መሪ፣ አስቀድማችሁ ንገሩ። ጠዲቁን ትቀምሳላችሁ፣ ጸሎቱን ትካፈላላችሁ፣ በረከቱ አይቀርባችሁም። ተራችሁ ሲደርስ መደገሱ ከበዳችሁ እሱንም ተነጋገሩበት፣ ብርዝ ወይም ቅሪቦ ያቀረበ ሰው ማኅበሩን አላፈረሰም።

ጓደኛ ሲሆን ይከብዳል። «ጴንጤ ሆንክ እንዴ?» ይባላል፣ ጴንጤ የሆነው ደግሞ «መነኮስክ እንዴ?» ይባላል። አጭር መልስ ይዛችሁ ሂዱ። «ለራሴ የወሰንኩት ነው፣ እናንተ ተጫወቱ» ትበቃለች። ከዚህ በኋላም የሚያስገድድ ጓደኛ ካለ ቀጠሮውን ቡና ቤት ሳይሆን ቡና አጠገብ አድርጉት። ጅማ ላይ ሆናችሁ ቡና የሚጠጣበት ቦታ አጥታችሁ አትጨነቁም።

ደጋሽ ከሆናችሁ

ዕንባቆም 2፥15ን ደጋሽ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ወዮታው ባልንጀራውን ለሚያጠጣው፣ ለሚያሰክረው ሰው ነው። ስለዚህ እንግዳችሁ ሲሰክር የሱ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የጅማ ድግስ ላይ ለሙስሊም ጎረቤት ምግቡ ለብቻ እንደሚሰናዳ ሁላችንም እናውቃለን፣ ከብቱን የሚያርደው ራሱ ሙስሊም ነው፣ ድስቱም ጭልፋውም ለብቻ። ይሄን ጨዋነት መጠጡ ላይም አድርጉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ ጠጅ የተቀዳበትን ብርሌ ለቀለቅ አድርጎ ለስላሳ ይቀዳበታል። ይሄ አይደረግም። ለነሱ አዲስ ብርጭቆ ለዩ፣ በሌላ ሳፋ ይታጠብ።

ብርዝ አዘጋጁ። ማር በሽ በሆነበት አገር ኮካ ብቻ መደርደር ያሳፍራል። ከጌራ በኩል የሚመጣውን የጫካ ማር ካገኛችሁማ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ውሰዱ፣ አንድ እጅ ማር ለአራት ወይም ለአምስት እጅ ውኃ፣ ማሩ እስኪሟሟ በእንጨት ማማሰያ አማስሉት፣ ሰፈፉን በንጹህ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ጌሾ አይገባም። ቁም ነገሩ ሰዓቱ ነው። የድግሱ ዕለት ጠዋት በጥብጡት፣ የጠጅ ጋን ውስጥ አታድርጉት፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ። በዚህ ሙቀት አንድ ሁለት ቀን ካደረ ማሩ ራሱ ይነሳል፣ ጠርዙ ላይ አረፋ ካያችሁ መፍላት ጀምሯልና ለማይጠጣ ሰው እንዳትሰጡት።

ደግሞ ብርዝና ጠጅ በመልክ ይመሳሰላሉ። ጆጎቹን ለዩ። የብርዙ ጆግ እጀታ ላይ ነጭ ጨርቅ እሰሩበት፣ ለቀጂዎቹ አስቀድማችሁ አሳዩአቸው፣ የሚቀዳውንም ልጅ ለዩ፣ ጠጅ የያዘ ልጅ ብርዝ አይያዝ። አንድ ሐጂ ወይም አንዲት የወንጌል አማኝ እናት በስህተት ጠጅ ቢቀምሱ ይቅርታ ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ምሽት ላይ መቅዳት አቁሙ። ቀጂዎቹን «ከ2 ሰዓት በኋላ ለጠየቀ ብቻ» ብላችሁ እዘዙ፣ በዚያ ሰዓት ምግብ እንደገና ይዙር፣ ቡና ይፈላ። ሞቅ ያለውን እንግዳ በራሱ ሞተር አትሸኙት፣ ያልጠጣ የሰፈር ባለባጃጅ ቀድማችሁ ተነጋግራችሁ በር ላይ አቁሙ።

ቤተሰቡ ሁለት እምነት ሲሆን

ልጅቷ ወንጌላዊት፣ የልጁ ቤተሰብ ኦርቶዶክስ፣ ወይም የተገላቢጦሽ። ጅማ ውስጥ ይሄ የዘወትር ነው። የመጠጥ ነገር ሽማግሌ ሲላክ ይነሳ፣ ካርድ ከታተመ በኋላ አይነሳ። ብዙውን ጊዜ የሚያስማማው፣ ሁለቱ ቤተሰብ አንድ ላይ የሚሰበሰብበት ምሳ ላይ ለስላሳና ብርዝ ብቻ ሆኖ፣ ጠጁ መልስ ላይ ወይም በኦርቶዶክሱ ቤት በራሱ ቀን ይሆናል። የማይጠጣው ወገን «ጠጅ ካለ አልመጣም» ብሎ አይማል። የሚጠጣውም «ያለ ጠጅ ሠርግ አይባልም» አይበል። አንድ ቀን ነው፣ ልጆቹ ግን ዕድሜ ልክ አብረው ይኖራሉ።

ያቃተው ሰው ቤታችሁ ካለ

ይሄ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም አማኝ ቤተሰብ በቅንነት የሚሠራው ስህተት ሰው ይገድላል። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ አንድ መለኪያ ካልያዘ የማይረጋጋ ሰው፣ ተጸልዮለት ወይም ጠበል ወርዶ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ይላል። ሁሉም እልል ይላል። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይቀባጥራል፣ አንዳንዱ እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል። ቤተሰቡ ጋኔኑ ነው ሲል ሰዓቱ ያልፋል። ይሄ ሰውነት የለመደውን አልኮል በድንገት ሲያጣ የሚመጣ ሕመም ነው፣ ሊገድል ይችላል፣ መድኃኒትም አለው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን ቤት ውስጥ በድንገት አያቁም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ወደዚያ ውሰዱት። እብድ ይሉኛል ብሎ ከፈራ አጠገቡ ሁኑ። ጸሎቱንም ጠበሉንም ይቀጥል፣ ከሁለት አንዱን ምረጥ ብላችሁ አታስጨንቁት፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እምነቱ ጎደለ የሚል አገልጋይ ካጋጠማችሁም እዚህ ላይ አትስሙት። ጉዞውን ለነገ አታሳድሩ፣ መንቀጥቀጡ ከጀመረ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከመውጣታችሁ በፊት በየቀኑ ምን ያህልና ምን ዓይነት መጠጥ ይጠጣ እንደነበር፣ መጨረሻ የቀመሰው በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት፣ ከዚህ በፊት ለማቆም ሲሞክር ወድቆ ያውቅ እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከፍ አድርጋችሁም ዝቅ አድርጋችሁም አትጻፉ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚመዝነው በዚያ ነው።